እጄን ከደረቴ ላይ ያነሳሁበት መኸር

ሰው በፍርሃት ይታመማል ቢሉኝ ድሮ እስቅ ነበር። ፍርሃት ወባ አይደል፣ ተቅማጥ አይደል፣ ምን ብሎ ሰው ይጥላል? ከአንድ ዓመት በላይ በጠራራ ፀሐይ ሰሊጥ ማሳ መሃል ቆሜ ስሞት ከከረምኩ በኋላ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ደረቱን ይዞ ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው የሚንከራተት ሰው ካለ እንዲያነበው ብዬ ነው። ጽሕፈቴ አያምርም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ ወልጄ፣ ከሽማግሌ ጋር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው፤ ይቅር በሉኝ።

የተወለድኩት ጭልጋ፣ ደጋው ላይ ነው። ባሌ ካሳ መሬት ፍለጋ ወደ ቆላ ሲወርድ ተከትዬው ሽንፋ ወንዝ አጠገብ ጎጆ ቀለስን። ሰሊጥና ማሽላ እናርሳለን። አንዲት ልጅ አለችን፣ ብርቄ። ከእሷ በፊት የመጡት ሁለቱ አልቆዩልንም፤ ስሟንም ለዚያ ነው ያወጣንላት።

ብሔራዊ ውትድርና የመጣ ጊዜ፣ ግንቦት ላይ፣ ካሳ ጨውና ሳሙና ሊገዛ ገንዳ ውሃ ገበያ ሄደ። አልተመለሰም። ገበያው ተከቦ ጎረምሳውም ባለትዳሩም በመኪና ተጭኖ መወሰዱን የነገሩኝ ጎረቤታችን አያ ስመኝ ናቸው። አያ ስመኝ በወጣትነታቸው ገዳሪፍ ተሻግረው ለሱዳኖች ሰሊጥ ሲያጭዱ የኖሩ፣ ዓረብኛ ጣል እያደረጉ የሚያወሩ፣ ሳቅ የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው። አህያችንን እየጎተቱ አምጥተው ግንዱ ላይ አሰሩልኝ። ሳሙናው ተጭኗል። ጨው ግን ገና አልገዛም ነበር።

አላለቀስኩም። ጎረቤቱ ሁሉ "ወንድ ናት" አለኝ፤ እኔም ሙገሳ መስሎኝ ደስ አለኝ። መሬቱን ከአያ ስመኝ ጋር በእኩል ልናርስ ተስማምተን ዘራን።

ነሐሴ ላይ ጀመረኝ። ጎንበስ ብዬ አረም ስነቅል ልቤ ድንገት እንደታሰረ ጥጃ ይዘል ጀመር። እጄ ደነዘዘ፣ ከንፈሬ ደነዘዘ፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ አየር አልገባ አለኝ። ብርቄ ማሳው ዳር ተቀምጣለች፤ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው። "እየሞትኩ ነው፣ አያ ስመኝን ጥሪልኝ" አልኳት። ለልጅ የተናገርኩት የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ቃል ይህ ነበር፤ የመጨረሻው ግን አልሆነም። ውሃ ይዘው ሲደርሱ ሁሉም ነገር አልፎ፣ እንደ አራስ ዝዬ ተቀምጬ ነበር።

ቆላ ውስጥ የታመመ ሁሉ ወባ ነው። ክኒን የሚሰጠው ድሬሰር ደም እንኳ ሳያይ ክሎሮኪን አፈሰልኝ። ሰውነቴን አሳከከኝ፣ ጆሮዬን ጭው አደረገው፤ ልቤ ግን ያው መዝለሉን ቀጠለ። ሁለተኛም ሦስተኛም ዙር ዋጥኩ። በሽታው በሳምንት አንዴ የነበረው በየሦስት ቀኑ፣ ከዚያ በየቀኑ ሆነ።

ያን ጊዜ ነው እጄ ደረቴ ላይ የተተከለው። ልቤ እየመታ መሆኑን፣ መምታቱም ልክ መሆኑን ላውቅ እፈልጋለሁ። በአንድ እጄ አማስላለሁ፣ በሌላው ደረቴን እይዛለሁ። ደረቴ አልሰማ ሲለኝ ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ፣ ደም ሥሩ ላይ አደርጋለሁ። ውሃ ልቀዳ ብቻዬን መውረድ ተውኩ፣ ገበያ ተውኩ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በሩ አጠገብ እቆማለሁ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በስብሰባ ላይ፣ እኔን የሚያመኝ የጋራ እርሻ ሥራ ሲመጣ ነው ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀብኝ። ሲያስቅብኝም ልቤን እየቆጠርኩ ነበር።

መኸር ካለፈ በኋላ አንዱ ካላዛር ሊሆን ይችላል አለኝ። ካላዛር ከዓይን የማትሞላ ዝንብ የምታስተላልፈው በሽታ ነው፤ ጣፊያን ያሳብጣል፣ ሰውን አክስሎ ይገድላል። ሁለት ቀን በጭነት መኪና ሄጄ የሚመረመርበት ክሊኒክ ደረስኩ። ብርቄን የምተውበት ስላልነበረኝ ይዣት ሄድኩ። ግቢው በቀን ሠራተኛ ተሞልቷል፤ ወደ አብደራፊ ለሰሊጥ አጨዳ የወረዱ የደጋ ልጆች፣ ሆዳቸው አብጦ፣ እግራቸው እንደ ሸምበቆ ቀጥኖ፣ በሰሊጥ ጆንያ ላይ ተኝተዋል። ከጠዋት እስከ ቀትር ከሰልፉ ጥቂት ሰው ብቻ ገባ። ከፊቴ የነበረው የጎጃም ሰው ነው። ብርቄ ፀሐዩ አቃጥሏት ስታለቅስ አየና ተራውን ለቀቀልኝ።

"አንች ግቢ እታለም፣ ልጅ ይዘሻል" አለኝ። "እኔ እዚሁ ጥላ ሥር እቆያለሁ።"

ገባሁ። ሆዴን ዳበሱ፣ ደም ወሰዱ፣ አስጠበቁኝ። ጣፊያዬ ደህና ነው፣ ካላዛር የለብኝም፣ ድካም ነው ብለው ቀይ ክኒን ሰጡኝ። ስወጣ የጎጃሙ ሰው ዛፉ ሥር ጋቢው ፊቱ ላይ ተከናንቦ ተጋድሟል። የተኛ መሰለኝ። አጠገቡ ያለው ጓደኛው ቀና ብሎ አየኝና ራሱን ነቀነቀ። ስሙን አልጠየቅሁትም ነበር። እኔ ምንም የሌለብኝ ሴት በእሱ ተራ ገብቼ ወጣሁ። ሲነጋ ብገባም ምንም አይቀርብኝም ነበር። እስከ ዛሬ ሻማ ሳበራ ለእሱም አበራለሁ፤ "ለዚያ ለጎጃሙ" ነው የምለው፤ እግዜር ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ፍርሃቴ ባሰበት። ከሱዳን መድኃኒት በቦርሳ ይዞ የሚዞር አንድ መርፌ ወጊ ልቤ ውሃ ቋጥሯል አለኝ። ሁለት ፍየል ሸጬ አሥራ ሁለት መርፌ ተወጋሁ። አሥረኛው ቂጤ ላይ መግል ቋጠረና አንድ ወር በሆዴ አስተኛኝ። ሴቶቹ ደግሞ ዛር ነው አሉኝ፤ ሌሎቹ ሰው በልቷት ነው አሉ። ጠበልም ገባሁ። ጠበሉን አልነቅፍም፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ያየሁት እዚያ ነው። ብቻ ወደ ቤቴ ስመለስ በሽታውም አብሮኝ ተመለሰ።

በመጨረሻ አያ ስመኝ በኤንትሬ መኪና ጭነት ላይ አሳፍረው ጎንደር ከተማ ሐኪም ዘንድ ወሰዱኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው። ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ ሰማ፣ ከጀርባዬም ሰማ፣ አስነስቶ አስቀመጠኝ፣ እንደገና ሰማ። ከዚያ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀኝ፤ ባልሽ የት ነው አለኝ። ነገርኩት።

"ልብሽ ጤነኛ ነው" አለኝ። "የያዘሽ የፍርሃት ሕመም ነው፤ ጭንቀት ይባላል። ልብሽ የሚዘልለው ስለምትፈሪ ነው፣ ሲዘል ደግሞ የባሰ ትፈሪያለሽ። ውሸት ነው እያልኩሽ አይደለም፣ በጣም ያማል። ግን አይገድልም።"

እግዜር ይስጥልኝ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ተናደድኩ። ይህን ሁሉ አገር አቆራርጬ፣ ፍየሌን ጨርሼ፣ ፈሪ ነሽ ልባል ነው የመጣሁት? ሊቀመንበሩም ያለው ይህንኑ አይደል? መንገዱን ሙሉ ሳብሰለስል ቆየሁና አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ በሽታዬ ሐኪም እንኳ ሊያየው የማይችል ክፉ በሽታ ቢሆንስ? በዚች ሐሳብ ሁለት ወር ተኛሁ።

ልጄን ያሳጣችኝም ይህች ሐሳብ ናት። ብርቄን አጠገቤ አስተኛትና እጇን ደረቴ ላይ አስደርጋት ነበር። "መምታቱን ያቆመ እንደሆነ ሩጠሽ ለአያ ስመኝ ንገሪ" ብያታለሁ። ለስድስት ዓመት ልጅ! ሚያዝያ ላይ የካሳ እህት ጥሩነሽ ከጭልጋ ልትጠይቀን መጣች። አብራን አደረች። ሌሊት ብርቄ፣ ሳልነቃ እንዳልቀር ፈርታ፣ ዓይኗን በግድ ገልጣ፣ ተንጠራርታ እጇን አፍንጫዬ ሥር ስታደርግ፣ ትንፋሼን ስታረጋግጥ፣ ተመልሳ ስትተኛ፣ እንደገና ስትነሳ አየቻት። ጠዋት የልጅቱን ልብስ በነጠላ ቋጠረች።

"አንችን ማዳን አልችልም" አለችኝ። "ይችን ግን አላስበላም። ብቻሽን፣ ያለ ደጋፊ፣ ቤቴ የመጣሽ ቀን ትወስጃታለሽ።"

አልታገልኳትም። እውነቷን ነበር። ብርቄ መኪናው ላይ ሆና ስታየኝ አላለቀሰችም፤ ደረቴን ነው የምታየው። ያን ቀን ራሴን ጠላሁ፣ እንዲህ ነው ብዬ ልነግራችሁ የምችለው ጥላቻ አይደለም።

እንዲህ ሆኜ ክረምቱ ገባ፣ ተዘራ፣ ታረመ፣ ጥቅምት መጣ። የዳንኩት በዚህ መኸር ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ። ሰሊጥ እንደ ጤፍ አይደለም። ቅርፊቱ ሳይከፈት፣ ገና አረንጓዴነት ሳይለቀው ይታጨዳል። በነዶ ታስሮ፣ ራሱን ወደ ላይ አድርጎ፣ ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ ይቆማል፤ ይህን ነው ሂላ የምንለው። ሁለት ሳምንት ያህል ፀሐይ ሲመታው ቅርፊቱ ራሱ ይከፈታል። ያን ጊዜ ሸራ ተነጥፎ፣ ነዶው ተገልብጦ ይራገፋል። እስከዚያ ድረስ ሂላ አይነካም። ይህን የቆላ ሕፃንም ያውቀዋል።

እኔም አውቃለሁ፤ ግን አላስቻለኝም። ቢረግፍስ? ቢሻግትስ? ለመንግሥት የምንሰጠው ኮታ ቢጎድልስ? ጠዋት ጠዋት ሂላው ዘንድ እሄዳለሁ። አንድ ዘንግ መዝዤ መዳፌ ላይ ዘንበል አደርገዋለሁ፤ ነዶውን ገለጥ አድርጌ ውስጡን አያለሁ፤ መልሼ አቆመዋለሁ። ማታም እመለሳለሁ። በአሥረኛው ቀን ግድም አያ ስመኝ መጡ። ሂላው ሥር ቁጢጥ ብለው አፈሩን በጣታቸው ጫሩና እፍኛቸውን ዘረጉልኝ። ነጭ የሰሊጥ ፍሬ ከአፈር ጋር።

"ይኸ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ነፋስ ነው አያ።"

"ነፋስ የእኔን ሂላ አያውቀውም?"

የእሳቸው ሂላ ከእኛ አጥር ለአጥር ነው፤ ሥሩ አፈር ብቻ ነው። ስንቴ እንደነካሁት ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ለምን ሲሉኝ፣ እንዳይረግፍብኝ ፈርቼ ነው አልኩ። ተቆጥተዋል፤ ግማሹ የእሳቸው ነዋ። ሊሰድቡኝ አፋቸውን ከፍተው ቀና አሉ። የሚያዩት ሂላውን አይደለም፤ እጄን ነው። ሁለት ጣቴ አንገቴ ላይ ነበር። መቼ እንዳደረግሁት አላውቅም።

"ይኸንንስ በቀን ስንቴ ትነኪዋለሽ?" አሉኝ።

ጣቶቼን ከአንገቴ ላይ አነሳሁ።

"እንዳይረግፍ እያልሽ የምታረግፊው አንች ነሽ፣ ልጄ። ኸላስ፣ ይብቃሽ። የደረሰ እንደሆነ ይከፈታል። ያልደረሰውን መነካካት አያደርሰውም።"

ይህን ብለው ሄዱ። እኔ በሂላዎቹ መሃል መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አፈሩ ላይ የፈሰሰውን ሰሊጥ እያየሁ የጎንደሩ ሐኪም ያለኝ ትዝ አለኝ፤ ሲዘል ትፈሪያለሽ፣ ስትፈሪ ይዘላል። ያኔ ስድብ መስሎኝ የነበረው ነገር እፍኜ ላይ ታየኝ። ከነሐሴ እስከ ነሐሴ ስንቴ ሞትኩ? በየቀኑ "አሁንስ የመጨረሻዬ ነው" ብዬ ነበር። አንድ ቀን እንኳ እውነት አልሆነም። መርፌ የወሰድኩም ቀን ያልወሰድኩም ቀን፣ ሰው የመጣልኝም ቀን ብቻዬን የሆንኩም ቀን፣ መጥቶ፣ ከፍ ብሎ፣ ሄደ። ያዳነኝ መስሎኝ የነበረው ነገር ሁሉ የደረሰው በሽታው ራሱ ሊሄድ ሲል ነው።

በዚያን ቀን አልዳንኩም። ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያወራ አንድ ቃል ሰምቶ የተፈታ ያስመስለዋል፤ ውሸት ነው። ያደረግሁት ይኸን ብቻ ነው፤ ሂላውን አልነካም አልኩ፣ ደረቴንም አልነካም አልኩ። ሂላውን መተው ቀላል ነበር። እጄ ግን ሳላዝዘው ይነሳል። ቀሚሴን ጨብጬ እይዘዋለሁ፣ ወይም ማጭድ አስይዘዋለሁ። በሽታው መጣ፤ ወንዝ ወርጄ ውሃ ስቀዳ፣ ብቻዬን ሳለሁ። ልቤ ዘለለ፣ ከንፈሬ ደነዘዘ። ሩጪ ሩጪ አለኝ። ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩና "ፍርሃት ነው። መጣህ? ና፣ ተቀመጥ። ልብም ይምታ፣ ሥራው ነው" አልኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ እንባዬ ይወርዳል፣ ፈሪ ብትሉኝ አይበዛብኝም። ግን አልነካሁትም። ቆይቶ ሄደ። ውሃዬን ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ የፈራሁትን ቦታ ሁሉ አንድ በአንድ ሄድኩበት። ገንዳ ውሃ ገበያ፣ ካሳ የተወሰደበት ቦታ ስደርስ አስመለሰኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሜ ሄድኩ። ታኅሣሥ ላይ ሁሉም ነገር ወደ ኋላ ተመለሰብኝ፤ ሦስት ሳምንት ከአልጋ አልወረድኩም፣ እጄም ደረቴ ላይ ተመለሰ። አያ ስመኝ መጥተው በሩ ላይ ቆሙና ዘር የሚመረጥ አለ አሉኝ። ተነሳሁ።

ጥር ላይ አንድ እግሩ የተቆረጠ የሽንፋ ልጅ ከሰሜን ግንባር ተመለሰ። በምርኩዙ ቤቴ ድረስ መጥቶ ተቀመጠ። ካሳ ሞቷል አለኝ፤ እሱ አብሮት ነበር፤ መቀበሩንም አይቷል። ምን አለ፣ ምን ተናገረ ብዬ ስለምነው፣ ካሳ ማታ ማታ ጨው ሳይገዛ መቅረቱን እያነሳ ይቆጭ እንደነበር ነገረኝ። "ባዶ አልጫ ስትበላ ትውላለች" እያለ።

ያን ቀን ልቤ አልዘለለም። ጮህኩ፣ ደረቴን ደቃሁ፣ መሬት ወደቅሁ፤ ግን የታመምኩት ሕመም ይኸ አልነበረም። ሐዘን ሌላ ነው፣ ፍርሃት ሌላ ነው። ለቅሶ ላይ አንዲት ሴት "የፈሩት ይደርሳል" ስትል ሰማሁ፤ ሰው የሚለው ነው። እኔ ግን በልቤ አይደለም አልኳት። የፈራሁት አልደረሰም፣ የደረሰውንም እንዲህ አልፈራሁትም ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ የራሴን ልብ ስጠብቅ ባሌ ሞተ። ጥበቃዬ እሱን አላተረፈውም፣ ልጄንም አሳጣኝ።

እዚህ ላይ ለምታነቡት አንድ ነገር ልበል። መጀመሪያ ተመርመሩ። ወባም እውነት ነው፣ ካላዛርም እውነት ነው፣ ሰው ይገድላሉ፤ ዓይኔ አይቷል። ሐኪም ፈትሾ ምንም የለባችሁም ካላችሁ ግን እንደኔ አትቆጡ። ደግሞም መርፌ በቦርሳ ይዞ ከሚዞር ሰው ሽሹ።

ሚያዝያ ላይ ወደ ጭልጋ የሚወጣ መኪና ላይ ብቻዬን ተሳፈርኩ። አያ ስመኝ ልሸኝሽ አላሉኝም፤ ቢሉኝ እምቢ እንደማልል ያውቃሉ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ መጣብኝ፤ ሁለት ጊዜ ሄደ። ጥሩነሽ በሩ ላይ ስታየኝ ሰላም አላለችኝም፤ ከኋላዬ ማን እንዳለ ተንጠራርታ አየች። ማንም የለም። ያን ጊዜ አቅፋኝ አለቀሰች። ብርቄ በዓመቱ አድጋለች። አክስቷ ቀሚስ ሥር ገብታ "እማዬ፣ ማናት?" አለቻት። እማዬ ያለችው ጥሩነሽን ነው። አሥር ቀን ተቀመጥኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን ብርቄ እጄን ይዛ መኪናው ድረስ መጣች፤ ጥሩነሽ ልታየን አልወጣችም።

ከደጋ ወደ ቆላ ሲወረድ መንገዱ ገደል ለገደል ነው። ጆንያ ላይ ተቀምጠናል፣ ብርቄ ጭኔ ላይ ናት። ኩርባው ላይ መኪናው ሲያዘነብል ልቤ መዝለል ጀመረ። ምንም አልተናገርኩም፤ እሷ ግን ዞር ብላ አየችኝና እጇን ደረቴ ላይ አደረገች። ዓመት ሙሉ አልረሳችውም። ፊቷ ተለወጠ።

"በጣም እየመታ ነው" አለችኝ። "ልትሞች ነው?"

"አይደለም። ፈርቼ ነው፣ ያልፋል" አልኳት። "ተይው፣ ይምታ።"

እጇን ከደረቴ ላይ አንስቼ ጥሩነሽ የቋጠረችልንን ቆሎ አስያዝኳት። ኩርባውን እስክንጨርስ ድረስ ቆሎውን ጨብጣ ቆየች፤ ከዚያ መብላት ጀመረች።